የማን ጫካ ነው? በአሜሪካ ደን ውስጥ በነፃ የማደር ነገር

ሰመር በመጣ ቁጥር አንድ ዓይነት አጭር ቪዲዮ በየስልካችን ይዞራል። ድንኳን ተተክሏል፣ እሳት ነዷል፣ ጀበና ተጥዷል። ከሥሩ «አሜሪካ ውስጥ በመንግሥት ደን በነፃ ማደር ይቻላል» ይላል። ወዲያው ክርክር ይነሳል። አንዱ «ውሸት ነው፣ እኛ 30 ዶላር ከፍለን ነው የገባነው» ይላል። ሌላው «ሳንቲም ሳንከፍል ሁለት ሌሊት አድረን መጣን» ብሎ ይምላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የተለያየ ጫካ ውስጥ ነው ያደሩት።

ጥያቄው ከሽርሽር አልፎ ይሄዳል። ነፃው ቦታ የት ነው? ለምን ነፃ ሆነ? በየዓመቱ እየጠበበ ነው የሚባለውስ እውነት ነው? መልሱ ውስጥ የመሬት ታሪክ፣ የውሃ ጉዳይ፣ የክፍያ ሕግና የቤት አልባዎች ፖለቲካ ተቀላቅለው ይገኛሉ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የትኛው መንግሥት?

በአማርኛ ፌዴራሉም ክልሉም ማዘጋጃ ቤቱም «መንግሥት» ነው። አሜሪካ ጫካ ውስጥ ግን ይህ ቃል ገደል ይከታል። «ስቴት ፎረስት» ስንል የክልል ደን ማለታችን ነው። ባለቤቱ ስቴቱ ነው፤ ደንቡንም የሚያወጣው እሱው ነው። «ናሽናል ፎረስት» የፌዴራል ነው፤ በግብርና ሚኒስቴር ሥር ያለው የደን አገልግሎት ያስተዳድረዋል። «ናሽናል ፓርክ»ም የፌዴራል ነው፤ ግን ጌታው ሌላ ሚኒስቴር ነው፤ ዓላማውም ይለያል። «ስቴት ፓርክ» ደግሞ የስቴቱ ሆኖ ለመዝናኛ የተዘጋጀ ነው። ጠረጴዛ፣ መፀዳጃ፣ አንዳንዴም ሙቅ ሻወር አለው። ስለዚህ ያስከፍላል።

ከዋሽንግተን ዲሲ ወደ ምዕራብ የሚነዳ ሰው ልዩነቱን በአንድ ቀን ሊያየው ይችላል። ሸነንዶዋ ናሽናል ፓርክ በር ላይ ለአንድ መኪና 30 ዶላር ይጠየቃል። ከመንገድ ርቆ ጫካው ውስጥ ለማደር ደግሞ ለብቻው ፈቃድ ያስፈልገዋል። ሸለቆውን ተሻግሮ ጆርጅ ዋሽንግተን ናሽናል ፎረስት ሲደርስ ግን የመግቢያ በር እንኳን የለም። ካልተከለከለበት ቦታ ሁሉ ድንኳኑን ተክሎ በነፃ ያድራል። መሪውን ወደ ሜሪላንድ ካዞረና ግሪን ሪጅ የተባለው የስቴት ደን ከገባ ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ሥርዓት ይገጥመዋል። የማደሪያ ቦታዎቹ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። ተመዝግቦ፣ መጠነኛ ክፍያ ከፍሎ ነው የሚያድረው። እዚያም ውሃና መብራት የለም፤ ግን ነፃ አይደለም።

ኒው ዮርክ ላይ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። ካትስኪል ተራሮች ውስጥ የስቴቱ መሬትና የኒው ዮርክ ከተማ መሬት ጎን ለጎን ይገኛሉ። ከተማዋ መሬቱን የገዛችው የመጠጥ ውሃዋን ለመጠበቅ ነው፤ ማደር ክልክል ነው። ጥቂት እርምጃ አልፎ የስቴቱ መሬት ላይ ደግሞ ማደር በነፃ ይፈቀዳል። ዛፉም አንድ፣ ወፉም አንድ ነው። የሚለየው ግንዱ ላይ የተመታችው ምልክት ብቻ ናት።

ፕሪሚቲቭ ማለት «ኋላቀር» ማለት አይደለም

«ፕሪሚቲቭ ካምፒንግ» የሚለው ስያሜ ብዙ ሰው ያሳስታል። አገልግሎት የሌለበት ማደሪያ ማለት ነው። ቧንቧ የለም፣ መብራት የለም፣ ቆሻሻ የሚሰበስብ የለም። መፀዳጃ ቢኖር አንድ የቆርቆሮ ወይም የእንጨት ቤት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ እሱም የለም። የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ለተመሳሳይ ነገር «ዲስፐርስድ» የሚለውን ቃል ይጠቀማል። «የተበታተነ» እንደ ማለት ነው። ሰዎች አንድ ሜዳ ላይ ከመከማቸት በየጫካው ተበትነው ያድራሉ፤ ስሙም ከዚያ መጣ።

እኛ ዘንድ «ዱር ቤቴ» ያለ ሰው ከመንግሥት የተጣላ ነው። እዚህ «ዱር ቤቴ» የሚባለው በመንግሥት ደንብ ነው፤ ደንቡም ቀላል የሚባል አይደለም። ኒው ዮርክን እንውሰድ። ከመንገድ፣ ከእግር መንገድና ከማንኛውም ውሃ ቢያንስ 150 ጫማ መራቅ ግድ ነው፤ 46 ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ከዚያ ቀርቦ ማደር የሚቻለው «እዚህ እደሩ» የሚል ቢጫ ክብ ምልክት በተለጠፈበት ቦታ ብቻ ነው። አንድ ቦታ ላይ ከሦስት ሌሊት በላይ ለመቆየት የደን ጠባቂ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሬንጀር የሚሉት እሱን ነው። ከአሥር ሰው ጀምሮ ያለ ቡድንም እንዲሁ ፈቃድ ማውጣት አለበት። ፈቃዱ ራሱ በነፃ ነው፤ ደውሎ መጠየቅ ብቻ ነው የሚፈልገው። የእኛ ሽርሽር ዘመድ አዝማድ ጠርቶ፣ ጎረቤት ጨምሮ ስለሚወጣ፣ ይህቺ የአሥር ሰው ደንብ በቀላሉ የምትረሳ ናት።

ካትስኪል ላይ ከ3,500 ጫማ ከፍታ በላይ፣ ከጥልቁ የበረዶ ወቅት (ዊንተር) በቀር፣ ማደር አይፈቀድም። ይህ ከፍታ 1,067 ሜትር ቢሆን ነው። ለአዲስ አበባ ሰው ሳቅ ያመጣል፤ የኒው ዮርክ ስቴት ረጅሙ ተራራ ማርሲ እንኳን 1,629 ሜትር ነው፤ ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል የሚታይ ነገር ነው። ነገር ግን አገሩ ከምድር ወገብ የራቀ ነው። በዚያ ብርድ ውስጥ የሚበቅለው ሣርና ዛፍ አንዴ ከተረገጠ ለማገገም ዓመታት ይፈጅበታል።

እነዚህ ደኖች ከየት መጡ?

የኒው ዮርክ የሕዝብ ጫካዎች ሁለት የተለያየ ልደት አላቸው። የመጀመሪያው የአዲሮንዳክና የካትስኪል ጥብቅ ደን ነው። ስቴቱ በ1885 በሕግ አቋቋመው። ዛፍ ቆራጮች ተራራውን እያራቆቱት ነበር። ነጋዴውን ያስፈራው ደግሞ የወንዞቹ መድረቅ ነው፤ ሀድሰን ወንዝና ኢሪ ቦይ ውሃ ካጡ ንግድ ይቆማል። በ1894 ጉዳዩ ሕገ መንግሥት ውስጥ ገባ። መሬቱ «ለዘላለም ዱር ሆኖ ይጠበቃል» ተባለ። አይሸጥም፣ አይከራይም፣ ዛፉም አይቆረጥም። ዛሬም የሚሠራው ይኸው አንቀጽ ነው።

ሁለተኛው ልደት የሚያሳዝን ነው። በተለምዶ «ስቴት ፎረስት» የሚባሉት፣ በስቴቱ መሀልና ደቡብ ተበታትነው የሚገኙት፣ አብዛኞቹ የከሰሩ ገበሬዎች መሬት ነበሩ። ኮረብታው ታርሶ ታርሶ አፈሩ ታጠበ። ምዕራቡ አገር ለም መሬት ሲከፈት ገበሬው ጥሎ ሄደ። በ1929 የወጣው የደን መልሶ ማልማት ሕግ ስቴቱ ይህን የተተወ መሬት እንዲገዛ ፈቀደለት። አንዱ ይዞታ ቢያንስ 500 ኤከር የተያያዘ መሆን ነበረበት። በ1931 የተደረገ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ደግሞ ገንዘቡን አስተማማኝ አደረገ። ያኔ የኒው ዮርክ ገዥ የነበረው ፍራንክሊን ሩዝቬልት ነው። ፕሬዚዳንት ከሆነ በኋላ በ1933 ሥራ አጥ ወጣቶችን አሰባስቦ ለዛፍ ተከላ አሰማራ። ችግኙን በብዛት የተከሉት እነሱ ናቸው።

ዛሬ አንድ ሰው በእነዚህ ደኖች ውስጥ ሲሄድ በመሀል የድንጋይ ካብ ያጋጥመዋል። አንዳንዴ የቤት መሠረት፣ አንዳንዴ አጠገቡ ሰው ሳይኖር የሚያፈራ የፖም ዛፍ። ድንኳኑን የተከለው ሰው በማያውቀው ገበሬ ጓሮ ውስጥ ነው ያደረው ማለት ነው። የአፈር መታጠብን ለሚያውቅ የወሎ ወይም የሰሜን ሸዋ ሰው ይህ ታሪክ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አመጣጡ ለዛሬው ጥያቄ ፋይዳ አለው። መሬቱ የተገዛው ለቱሪስት ተብሎ አይደለም። ለዛፍ፣ ለአፈርና ለውሃ ነው። መዝናናት በኋላ የመጣ ተጨማሪ ጥቅም ነው። ስለዚህ በር አልተሠራለትም፣ ቲኬት ቆራጭም አልተቀጠረለትም።

150 ጫማው ምን ይሠራል?

ብዙ ሰው ይህን ርቀት የጠባቂዎች ክፋት አድርጎ ያየዋል። ወንዝ ዳር ማደር የማይወድ ማን አለ? ግን ርቀቱ የሌለውን መፀዳጃ ቤት ሥራ የሚሠራ ነው። ጫካ የገባ ሰው ጉድጓድ ቆፍሮ ነው የሚጠቀመው፤ ጥልቀቱ ከ6 እስከ 8 ኢንች ነው፤ ስንዝር ቢያንስ ነው። አፈሩ በውስጡ ባሉ ተሕዋስያን አማካኝነት ቆሻሻውን ያብላላዋል። ለዚህ ጊዜና ርቀት ይፈልጋል። ከወንዙ በአምስት ሜትር ላይ ከሆነ ግን አንድ ዝናብ ብቻ በቂ ነው። የኒው ዮርክ ከተማ ውሃ 90 በመቶ ገደማ የሚመጣው ከካትስኪልና ከደላዌር ተፋሰስ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ሳይጣራ ነው ወደ ቧንቧው የሚገባው። ብሮንክስ ውስጥ ቡና የሚያፈላ ሰው የሚጥደው ውሃ ከዚያው ተራራ የወረደ ነው።

ሌላው ምክንያት ይበልጥ ረቂቅ ነው፤ የክርክሩም ዋና ቁልፍ እሱ ይመስለኛል። ሰው ጫካ ውስጥ ሲያድር የሚያደርሰው ጉዳት ከሰዉ ብዛት ጋር እኩል አያድግም። ያልተነካ መሬት ላይ አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሌሊቶች ነው። ሣሩ ይረገጣል፣ ቅጠል ያለበሰው አፈር ይራቆታል፣ ይጠጥራል። ከዚያ በኋላ መቶ ሰው ቢጨመርበት እንኳን የሚጨምረው ጉዳት ትንሽ ነው። የተላጨ ራስ ደግሞ ቢላጭ ምን ይጎድልበታል?

ከዚህ ሁለት እርስ በርስ የሚጣሉ የሚመስሉ ምክሮች ይወጣሉ። ብዙ ሰው የሚሄድበት ቦታ ከሆነ ሁሉም በተራቆተው በዚያው ቦታ ቢያድር ይሻላል። አዲስ ቦታ መክፈት ማለት አዲስ ቁስል መክፈት ነው። ሰው እምብዛም የማይደርስበት ቦታ ከሆነ ግን መበታተን ይሻላል፤ አንድ ሌሊት አድሮ፣ ዱካውን አጥፍቶ መሄድ። መሬቱ በመሀል ያገግማል። የኒው ዮርክ ደንብ ሁለቱን በአንድ ላይ ይዟል። ቢጫው ምልክት «እዚህ ተሰብሰቡ» ይላል፤ የ150 ጫማው ደንብ «ካልሆነ ራቁ፣ ተበተኑ» ይላል። የሦስት ሌሊቱ ገደብም ከዚሁ ሐሳብ ጋር ይሄዳል።

ማገዶም እንዲሁ ነው። ከቤት ማገዶ ጭኖ መሄድ ለእኛ ሰው የጨዋ ሥራ ነው፤ ባዶ እጅ አይኬድም። ኒው ዮርክ ውስጥ ግን በሙቀት ያልታከመ ማገዶ ከ50 ማይል በላይ ማጓጓዝ ክልክል ነው። ምክንያቱ በእንጨቱ ቅርፊት ሥር የሚደበቅ ተባይ ነው። አሽ የተባለውን ዛፍ የሚፈጅ አረንጓዴ ጥንዚዛ በ2002 ሚሺጋን ውስጥ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ከስቴት ስቴት የዘለለው በዋናነት በሰው መኪና ነው፤ ማገዶ ውስጥ ተቀምጦ። ስለዚህ ማቃጠል የሚፈቀደው እዚያው ወድቆ የደረቀውን እንጨት ነው። የቆመ ዛፍ፣ ቢደርቅም፣ አይነካም።

ድብ ያለበት አካባቢ ምግብ ድንኳን ውስጥ አይቀመጥም። ምሥራቃዊው የአዲሮንዳክ ከፍተኛ ተራራዎች ክልል ውስጥ ከኤፕሪል እስከ ኖቬምበር ምግብን ድብ በማይከፍተው ጠንካራ ዕቃ ማሸግ ግዴታ ነው። ቋንጣ ይዞ ለሚሄድ ሰው ይህ ደንብ በተለይ ይመለከተዋል።

ነፃ ያደረገው ምንድን ነው?

በፌዴራል መሬት ላይ ነፃነቱ የመጣው ከደግነት ብቻ አይደለም፤ ሕግ አለ። በ2004 የወጣው የመዝናኛ ክፍያ ሕግ የደን አገልግሎቱ መቼ ገንዘብ መጠየቅ እንደሚችል ይወስናል። ምንም መገልገያ ባልተሠራበት ቦታ ለማደር፣ መኪና ለማቆም ብቻ፣ ወይም በእግር ለማለፍ ብቻ ማስከፈል አይችልም። አንድን አካባቢ እንደ መዝናኛ ቆጥሮ ለማስከፈል ስድስት ነገሮች መሟላት አለባቸው። የተሠራ የመኪና ማቆሚያ፣ ቋሚ መፀዳጃ፣ ቋሚ የቆሻሻ መጣያ፣ ማብራሪያ ሰሌዳ፣ የምግብ ጠረጴዛና የጥበቃ አገልግሎት። በ2012 አንድ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ መገልገያዎቹን ሳይነካ መኪናውን አቁሞ በእግሩ የሚሄድን ሰው ማስከፈል ሕጉን ይጥሳል ብሎ ወስኗል።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። መፀዳጃ ቤትና ጠረጴዛ ሲገባ ሁላችንም ደስ ይለናል። ነገር ግን በዚህ ሕግ አሠራር የክፍያው መንገድ የሚከፈተው በዚያ በኩል ነው። ምቾቱ ሲመጣ ቲኬቱ ይከተላል።

ሁለተኛው የተጠያቂነት ጉዳይ ነው። በአብዛኞቹ ስቴቶች ባለመሬት ሰዎችን ለመዝናኛ በነፃ ካስገባ፣ አንዱ ወድቆ እግሩን ቢሰብር በቀላሉ አይከሰስም። ገንዘብ ከተቀበለ ግን ከለላው ይሳሳል። አሜሪካ ውስጥ ክስ ምን ያህል እንደሚፈራ ለሚያውቅ፣ አለማስከፈልም አንድ ዓይነት ኢንሹራንስ መሆኑ ይገባዋል።

ሦስተኛው ተራ ሂሳብ ነው። በሺህ የሚቆጠር ኤከር ላይ የተበተኑ ጥቂት ሰዎችን ለማስከፈል የሚቀጠረው ሰው ደመወዝ ከሚሰበሰበው ገንዘብ ይበልጣል።

አሁን ምን ተለወጠ?

ይህ ሁሉ ሥርዓት የቆመው በአንድ ያልተጻፈ ግምት ላይ ነው፦ ሰዉ ጥቂት ነው፣ ይበተናልም። በ2020 በወረርሽኙ ወቅት ግምቱ ተናጋ። ቤት የተዘጋበት ሕዝብ ወደ ጫካ ጎረፈ። ከዚያም በፊት ማኅበራዊ ሚዲያ ሥራውን ጀምሮ ነበር። አንድ ፎቶ ከነአድራሻው ሲለጠፍ የተበተነው ሰው ሁሉ አንድ ነጥብ ላይ ይሰበሰባል።

ካትስኪል ውስጥ ያለው ፒካሙስ ብሉ ሆል ጥሩ ምሳሌ ነው። ትንሽ፣ ጥርት ያለች የመዋኛ ጉድጓድ ናት። የአካባቢው ሰው ያውቃት ነበር። ዝናዋ ኢንተርኔት ላይ ሲወጣ ጠባቡ መንገድ በመኪና ተዘጋ፤ ቆሻሻውም ሌላ ችግር ሆነ። ስቴቱ በመጨረሻ በሞቃቱ ወራት አስቀድሞ ፈቃድ ያላወጣ ሰው እንዳይገባ ከለከለ። ኮሎራዶ ውስጥ በክሬስትድ ቡት ዙሪያ ያሉ ሸለቆዎችም ከ2021 ጀምሮ ተመሳሳይ ነገር ገጥሟቸዋል። የትም መስፈር ቀረና ምልክት በተተከለበት ቦታ ብቻ ሆነ። ማደሩ ቀረ አልተባለም፤ መበታተኑ ግን ቀረ።

እሳትም አለ። በ2024 መከር ኒው ዮርክ በድርቅ ተመታ። ከኒው ጀርሲ ጋር በሚያዋስነው ተራራ ላይ የተነሳው ቃጠሎ ከ5,000 ኤከር በላይ በላ። እሳቱን ሲዋጋ የነበረ የ18 ዓመት ወጣት የፓርክ ሠራተኛ ሕይወቱን አጣ። በመላው ስቴት ሜዳ ላይ ያልታጠረ እሳት ማንደድ ለጊዜው ተከለከለ። ድንኳን ተክሎ ማደር ይቻል ነበር፤ ባልታጠረ እሳት ላይ ጀበና መጣድ ግን አይቻልም ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ቤት የሌላቸው ሰዎች ጉዳይ ነው። በጁን 2024 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግራንትስ ፓስ በተባለችው የኦሪገን ከተማ ጉዳይ 6 ለ3 በሆነ ድምፅ ውሳኔ ሰጠ። ከተሞች በሕዝብ ቦታ ላይ የሚያድሩ ሰዎችን መቅጣት ይችላሉ ተባለ፤ ሰውየው የሚሄድበት መጠለያ ባይኖረውም እንኳን። ከከተማ የተገፋ ሰው የት ይሄዳል? አንዳንዱ በመኪናው ወደ ጫካ ይሄዳል። በዚያው በኦሪገን፣ ቤንድ ከተማ አጠገብ ባለው ደሹትስ ናሽናል ፎረስት ውስጥ ለዓመታት የኖሩ ሰዎች ነበሩ። የደን አገልግሎቱ በሜይ 2025 አካባቢውን ዘግቶ አስወጣቸው።

በአብዛኞቹ ናሽናል ፎረስቶች አንድ ቦታ ላይ መቆየት የሚፈቀደው እስከ 14 ቀን ነው። ገደቡ ማደርን ከመኖር ለመለየት የተሰመረ መስመር ነው። ቪዲዮዎቹ ይህን አይናገሩም። «የቤት ኪራይ ተገላገሉ» የሚል ምክር ሰምቶ ጫካ የሚገባ ሰው ሕግ ይጥሳል። በፌዴራል መሬት ላይ የሚጻፍ ቅጣት ደግሞ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ነው የሚሄደው። ገና የመኖሪያ ወረቀቱን ለሚጠብቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በዚህ ሁሉ መሀል የሚጠብቀው ሰው ቀነሰ። በፌብሩዋሪ 2025 የፌዴራሉ ደን አገልግሎት ወደ 3,400 የሚጠጉ በሙከራ ጊዜ ላይ ያሉ ሠራተኞቹን ማሰናበቱ ተዘግቧል። ከነሱ የተወሰኑት በኋላ ተመልሰዋል። በጫካ ሥራ የመጀመሪያው ተጎጂ መፀዳጃ የሚያጸዳውና የወደቀ ዛፍ ከመንገድ የሚያነሳው ሰው ነው።

ይከፈል ወይስ አይከፈል?

ክፍያን የሚደግፉ ሰዎች ምክንያታቸው ግልጽ ነው። የሚጠቀም ይክፈል። ኔብራስካ ተቀምጦ ጫካ አይቶ የማያውቅ ግብር ከፋይ ለምን የሌላውን ቆሻሻ ማስነሻ ይሸፍናል? ጥቂት ዶላር ሲጠየቅ ሰው ቦታውን እንደ ንብረት ያያል፤ ምዝገባ ካለም ማን እንዳበላሸ ይታወቃል። ሰው ቢጠፋ እንኳን የት እንደሚፈለግ ይታወቃል።

ተቃዋሚዎቹ ደግሞ መሬቱ አስቀድሞ የሕዝብ ነው ይላሉ። በግብር የተገዛን ነገር እንደገና ማስከፈል ሁለት ጊዜ መሸጥ ነው። ክፍያው የሚያስወግደው ቆሻሻ የሚጥለውን ሰው አይደለም፤ ገንዘብ የሌለውን ነው። በኢንተርኔት የሚደረግ ቦታ ማስያዝ ደግሞ ፈጣን መስመርና የታወቀ የዕረፍት ቀን ላለው ሰው ያደላል። ፈረቃው በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚቀያየር ነርስ ወይም የኡበር ሾፌር ከስድስት ወር በፊት ቀን መቁረጥ አይችልም።

ሁለቱም ወገን የሚያልፈው አንድ ነገር አለ። ነፃ የተባለው ማደርም ዋጋ አለው። መኪና፣ ድንኳን፣ የመኝታ ከረጢት፣ የውሃ ማጣሪያ ይጠይቃል። ስልክ በማይሠራበት ቦታ ለማደር የሚያስፈልገው ልበ ሙሉነትም አለ። በአደን ወቅት ደማቅ ብርቱካናማ ልብስ መልበስ እንደሚገባ የሚነግርህ ሰው ያስፈልጋል፤ እነዚህ ደኖች በአብዛኛው ለአዳኞችም ክፍት ናቸውና። ይህ ዕውቀት በዘርና በቤተሰብ ይወረሳል፤ ለመጤ ሰው ማንም አያወርሰውም። ክፍያውን ማንሳት ይህን ክፍተት አይሞላም። ክፍያ መጨመር ግን ያሰፋዋል። ሚዛኑን ስመለከተው ሰው በተጨናነቀበት ቦታ ቁጥር መገደቡ አስፈላጊ ነው እላለሁ። መገደብና ማስከፈል ግን አንድ አይደሉም። ኒው ዮርክ በአንድ የአዲሮንዳክ መግቢያ ላይ ከ2021 ጀምሮ የመኪና ማቆሚያ ቦታ አስቀድሞ ማስያዝ ግዴታ ሲያደርግ፣ ምዝገባው በነፃ ነበር።

ሌላው አገርስ?

ስዊድን ውስጥ በሌላ ሰው መሬት ላይ እንኳን አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ማደር ልማዳዊ መብት ነው። ከመኖሪያ ቤት መራቅና አለማበላሸት ይበቃል። ስቶክሆልም ያሉ ኢትዮጵያውያን ይህን መብት ከማንም እኩል አላቸው፤ ዜግነት አይጠየቅም። እንግሊዝ ግን ተቃራኒ ናት። ያለ ባለመሬቱ ፈቃድ ማደር የሚቻልበት ዳርትሙር የተባለው አንድ አካባቢ ብቻ ነው። እሱም በባለመሬቶች ክስ ሊጠፋ ደርሶ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሜይ 2025 መብቱን አጽንቶታል።

ኢትዮጵያ ውስጥ በመንግሥት ደን፣ ለጊዜውም ቢሆን፣ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ መስፈር የተከለከለ ሆኖ ቆይቷል። ሕጉ ያሰበው ከእርሻና ከከሰል ጋር ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ድንኳን የሚተክል ሰው በሐሳቡ አልነበረም።

ወዴት ያመራል?

በነፃ ማደር በአንድ ቀን አይጠፋም። የኒው ዮርኩ ጥብቅ ደን በሕገ መንግሥት የታሰረ ነው፤ የፌዴራሉም ክፍያ በ2004ቱ ሕግ የተገደበ ነው። በ2025 ሰመር በሚሊዮን የሚቆጠር ኤከር የፌዴራል መሬት ለመሸጥ ሴኔት ውስጥ የቀረበ ሐሳብ ነበር። አዳኙም፣ ዓሣ አጥማጁም፣ ተራራ ወጪውም ከሁለቱም ፓርቲ በአንድ ላይ ጮኸበትና አቅራቢው ራሱ አነሳው።

ለውጡ የሚመጣው በዳር በዳር ነው። ከትልልቅ ከተሞች በሁለት ሰዓት ርቀት ውስጥ ያሉ ቦታዎች ቁጥርና ምልክት ይሰጣቸዋል፤ ከዚያ ፈቃድ ይመጣል። ራቅ ያለው እንዳለ ይቆያል። ስለዚህ ነፃው ጫካ ከመኪና ነዳጅ ጋር እየተያያዘ ይሄዳል፤ በሩቁ የሚያድረው መንዳት የሚችለው ነው። ክፍያውም ቢሆን ሁልጊዜ በማደሪያው ስም አይመጣም። ሲያትል ያሉ ወገኖቻችን ይህን አይተውታል። በዋሽንግተን ስቴት መሬት ላይ መኪና ለማቆም የሚያስፈልገው ዓመታዊ ካርድ 30 ዶላር ነበር። ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ 45 ሆኗል። ለድንኳኑ የተጠየቀ ነገር የለም።